በውርስ ቤት ላይ ያለ እግድ እንዴት ይነሣል? ከድሬዳዋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አባታቸው በ2011 ዓ.ም. ያረፉባቸው ሦስት ልጆች በከተማው ከዚራ ሰፈር የሚገኘውንና በአባታቸው ስም የተመዘገበውን ቤት ስመ ንብረት ለማዞር የወራሽነት ማስረጃቸውን ይዘው ወደ መሬት አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ «ፋይሉ ላይ የፍርድ ቤት እግድ አለ» ተብለው ይመለሳሉ። እግዱን ያስወጣው አባታቸው ከሌላ እናት የወለዱት ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ ክሱ ግን ከጊዜ በኋላ መዘጋቱን ሰምተዋል። ይኸው ወንድም ለመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ያስገባው የተቃውሞ ማመልከቻም ፋይሉ ውስጥ እንዳለ ተነግሯቸዋል። እናታቸው በሕይወት ያሉ ሲሆን የሚኖሩትም እዚያው ቤት ነው፤ አንዲቱ እኅት ደግሞ ጅቡቲ ትኖራለች። ገዢ ተገኝቶ ቀብድ ሊከፍል ስለሆነ ጠያቂው «ክሱ ከተዘጋ እግዱ ለምን ቀረ? በአንድ ማመልከቻስ ይነሣልን ይሆን?» ይላሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት እግዱ መነሣቱ በደብዳቤ ተረጋግጦ ፋይሉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቀብዱን እንዳይቀበሉ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካልፈጸመ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እናንተ ደግሞ እግዱ ባይነሣ ውሉን መፈጸም አትችሉም፤ የቤት ሽያጭ ውል በሚመለከተው አካል ፊት ተረጋግጦ መመዝገብ ስላለበት፣ ለዚያም ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ ከገዢው ጋር በወረቀት ብትዋዋሉ እንኳ ቤቱን ልታስረክቡት አትችሉም። በከተማችን እግድ ያለበትን ቤት «ነገ ይነሣል» በሚል ተስፋ ቀብድ እየተቀበሉ የሚሸጡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም፤ የውርሱ ክርክር ሳያልቅ ከገዢው ጋር ሌላ ክርክር ይከፈትባቸዋል፤ ያኔ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ወላጅ ናቸው።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ እግድ ስለ መብት የተሰጠ ፍርድ እንዳልሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 እግድ የሚሰጠው ክርክር የተነሣበት ንብረት በተከራካሪው ወገን ሊባክን፣ ሊበላሽ ወይም ለሌላ ሰው ሊተላለፍ የሚችል መሆኑ በቃለ መሐላ ወይም በሌላ ማስረጃ ሲረጋገጥ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ የወንድማችሁ እግድ «ቤቱ የእሱ ነው» አላለም፤ ያለው «ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ቤቱ ባለበት ይቆይ» ብቻ ነው። እግድ ራሱን ችሎ የሚኖር ሳይሆን በአንድ መዝገብ ውስጥ የሚኖር ትዕዛዝ በመሆኑ፣ መሠረታዊው ክርክር ሲያልቅ በሕግ ደረጃ የመኖሩ ምክንያት ያልቃል።

በሕግ ያለቀው ነገር በፋይሉ ውስጥ የቀረበት ምክንያት ግን አለ። ፍርድ ቤቱ ለመሬት አስተዳደሩ የሚጽፈው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ «ተለዋጭ ትዕዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ» በሚል ቃል የተዘጋ ነው። ደብዳቤው የደረሰው ሠራተኛ ክሱ መዘጋቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ቢነግሩትም በቃል በተነገረው ላይ ተመሥርቶ የፍርድ ቤትን ትዕዛዝ እንዲሽር ሥልጣን አልተሰጠውም፤ ባይሽርም ልክ ነው። መዝገቡን የዘጋው ዳኛ ደግሞ እግዱ እንዲነሣ ያመለከተለት ሰው ከሌለና በመዝጊያው ትዕዛዝ ላይ ስለ እግዱ ምንም ካላለ፣ መሬት አስተዳደሩ የሚጠብቀው ተለዋጭ ትዕዛዝ አይጻፍም። በዚህ ዓይነት ክሳቸው ከሞተ ብዙ ዓመት የሆናቸው እግዶች በየፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ይገኛሉ። ስለዚህ የሥራ ሂደቱ ላይ ያሉትን ሠራተኞች መውቀስ አያስፈልግም፤ ያንን ደብዳቤ ከዚያው ችሎት ማስጻፍ የእናንተ ድርሻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የእግዱን ደብዳቤ ኮፒ ከመሬት አስተዳደሩ በጽሑፍ ጠይቆ ማውጣት ነው። ጥያቄዎን ደግሜ ሳነብበው ደብዳቤውን እስካሁን በዓይንዎ ያዩት አይመስለኝም፤ «እግድ አለ» የሚለውን ሰምተው ተመልሰዋል። ከደብዳቤው ላይ የፍርድ ቤቱን ስም፣ ችሎቱን፣ የመዝገቡን ቁጥርና የተጻፈበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ቀጥሎም የትዕዛዙን ቃል፣ በተለይ የታገደው መሸጥ ብቻ ነው ወይስ ስም ማዞርንም ይጨምራል የሚለውን በጥንቃቄ ያንብቡ። ሰዎች የማይመለከቱት፣ እኔ ግን ሁልጊዜ ቀድሜ የማየው፣ ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» ከሚለው ቃል በታች የተዘረዘረውን ነው። እግዱ ለቀበሌው፣ ለሰነዶች ማረጋገጫ፣ አንዳንዴም ለባንክ ተገልብጦ ከሆነ፣ ሲነሣም ለእያንዳንዳቸው ሊጻፍላቸው ይገባል፤ አለዚያ መሬት አስተዳደሩ ካነሣላችሁ በኋላ ውል ልትዋዋሉ ስትሄዱ ሌላው ቢሮ ውስጥ ያው እግድ ይቆያችኋል። ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ከአንድ በላይ እግድ ሊኖር ስለሚችል ሁሉንም አውጡ። አንድ ችሎት የሚያነሣው ራሱ የሰጠውን እግድ ብቻ ነው።

መዝገቡ ከታወቀ በኋላ ቀጥሎ የሚጠየቀው ክሱ በምን ዓይነት ሁኔታ ተዘጋ የሚለው ነው፤ ለዚህም የመዝጊያውን ትዕዛዝ ግልባጭ ከሬጅስትራሩ ማውጣት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሁለቱም ወገኖች ሳይቀርቡ ቀርተው መዝገቡ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 69 ተሰርዞ ከሆነ፣ ወንድማችሁ የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ እንደገና ክስ ማቅረብ ይችላል። እናንተ ቀርባችሁ ክሱን ክዳችሁ፣ እሱ ግን በመቅረቱ በቁጥር 73 ውድቅ ተደርጎ ከሆነ፣ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ የማቅረብ መብቱ የተዘጋ ሲሆን ያለው ዕድል ለመቅረቱ በቂ ምክንያት እንደነበረው በአንድ ወር ውስጥ አመልክቶ መዝገቡን ማስከፈት ብቻ ነው። በፍሬ ነገሩ ላይ ፍርድ ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ይግባኝ መጠየቁንና አለመጠየቁን ማረጋገጥ ይገባል፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የራሱን እግድ ሰጥቶ ከሆነ የሥር ፍርድ ቤት ያንን ሊያነሣው አይችልም። «ተዘግቷል» የሚለው ወሬ ከነዚህ መካከል የትኛውን እንደሚያመለክት ሳይታወቅ የሚጻፍ ማመልከቻ ዳኛውን ለማሳመን ይቸገራል።

መዝገቡ በእርግጥ ከተዘጋና ይግባኝም ከሌለ፣ መልሴ አዎን፣ በአንድ ማመልከቻ ሊነሣ ይችላል የሚል ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው እግዱን ለሰጠው ችሎት፣ በዚያው በተዘጋው የመዝገብ ቁጥር ሲሆን፣ መዝገቡ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ እንዲንቀሳቀስ፣ እግዱ እንዲነሣና ይህም ደብዳቤው በተጻፈላቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ስማቸው ተጠቅሶ እንዲገለጽላቸው ይጠይቃል። ረጅም መሆን የለበትም። እግዱ በዚህ ቀን መሰጠቱን፣ ክሱ በዚህ ቀን በዚህ ምክንያት መዘጋቱን፣ ከዚያ ወዲህ መዝገቡን ያስከፈተ ወይም ይግባኝ ያለ ወገን አለመኖሩን፣ እግዱም የተሰጠለት ክርክር ስለሌለ ሊቀጥል የሚችልበት የሕግ ምክንያት አለመኖሩን በቅደም ተከተል መግለጽ ይበቃል። አባታችሁ ምን ያህል እንደደከሙበት፣ ወንድማችሁም ምን እንዳደረገ የሚተርክ ገጽ ባይጨመርበት እመርጣለሁ፤ ዳኛው በዚያ ደረጃ የሚወስነው ማን ጥሩ ልጅ እንደነበረ አይደለም። የመዝጊያው ትዕዛዝና የእግዱ ደብዳቤ ግልባጮች፣ የወራሽነት ማስረጃውና በቁጥር 205 መሠረት የተዘጋጀ ቃለ መሐላ ይያያዛሉ። ችሎቱ ወንድማችሁ አስተያየት እንዲሰጥበት መጥሪያ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ሲሆን ጊዜ ስለሚወስድ አድራሻውን አስቀድማችሁ በትክክል ጻፉ።

ምናልባት ግን መዝገቡ ተንቀሳቅሶ ሊገኝ ይችላል፤ ወይም ማመልከቻችሁን ያየው ወንድም አዲስ ክስ አቅርቦ አዲስ እግድ ያስወጣ ይሆናል። ያን ጊዜ የምትሄዱበት መንገድ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 158 ነው፤ በእግዱ ቅር የተሰኘ ተከራካሪ ወገን እግዱ እንዲነሣ፣ እንዲለወጥ ወይም እንዲሻሻል እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ብዙዎች «ይነሣልን» የሚለውን ብቻ ጠይቀው፣ ችሎቱ ሲከለክላቸው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሕጉ «ይሻሻልልን» ማለትንም ፈቅዶላቸዋል፤ በእናንተ ጉዳይ ላይ ደግሞ ይህ ከሁሉ የበለጠ ጠንካራው መከራከሪያ ይመስለኛል።

ምክንያቱም እናታችሁ ናቸው። በጥያቄዎ ውስጥ ስለ እሳቸው የጻፉት «እናታችን በሕይወት አሉ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሕጉ ግን ከእናንተ ከአራታችሁም በፊት የሚያያቸው እሳቸውን ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በድሬዳዋ ተፈጻሚ ሲሆን በቁጥር 63 የባልና የሚስት ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል። ካርታው በአባታችሁ ስም መሆኑ የእናታችሁን ድርሻ አያጠፋውም። እንግዲህ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ ከመጀመሪያውም ውርስ አይደለም፤ የእናታችሁ ነው። ውርስ የሚባለው ቀሪው ግማሽ ነው። በፍትሐ ብሔሩ የውርስ ሕግ መሠረት ሚስት ያለ ኑዛዜ የባልዋ ወራሽ ስላልሆነች ይህ ግማሽ ለልጆች ብቻ ይከፈላል፤ ወንድማችሁ ልጅነቱን ቢያረጋግጥ አራት ትሆናላችሁና ለእያንዳንዳችሁ ከጠቅላላው ቤት አንድ ስምንተኛ ይደርሳል። ለምሳሌ ቤቱ ስምንት ሚሊዮን ብር ቢገመት የእሱ ድርሻ አንድ ሚሊዮን ነው፤ እግዱ ግን ስምንቱንም ሚሊዮን ይዟል።

ስለሆነም ለችሎቱ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ የወንድማችን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ቢረጋገጥለት እንኳ ከቤቱ አንድ ስምንተኛ አያልፍም፤ ይህን የሚያህል ገንዘብ በፍርድ ቤቱ ሞዴል 85 (የተቀማጭ ገንዘብ ደረሰኝ) ወይም በዝግ ሒሳብ ገቢ እናደርጋለን፤ ወይም ሽያጩ በችሎቱ ክትትል ተከናውኖ የእሱ ድርሻ ፍርድ እስኪሰጥ ተቀማጭ ይሁን፤ በዚህ ሁኔታ እግዱ ቢነሣ የሚጎዳበት ነገር የለም። የእግድ ዓላማ ድርሻው እንዳይጠፋ መጠበቅ እስከሆነ ድረስ፣ ድርሻው በሌላ መንገድ ሲጠበቅ ቤቱን ሙሉ ለሙሉ አስሮ ማቆየት ከዓላማው ያልፋል። ዳኛው ሊቀበለውም ላይቀበለውም ይችላል፤ ያም ሆኖ እንዲህ ያለው አቤቱታ ከባዶ «ይነሣልን» የተሻለ ክብደት እንዳለው አምናለሁ። እናታችሁ በመዝገቡ ውስጥ ተከራካሪ ካልሆኑ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 41 ጣልቃ ገብ ሆነው ግማሹ የራሳቸው መሆኑን እንዲያስረዱ ይደረግ። በራሳቸው ቤት ላይ የሚካሄድን ክርክር ከደጅ ሆነው የሚሰሙ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ተገቢ አይደለም።

ችሎቱ ቢከለክላችሁ ወዲያው ይግባኝ ማለት ይቻል እንደሆነ መጠየቃችሁ አይቀርም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 320 ንዑስ ቁጥር 3 አጠቃላይ መርሕ፣ ዋናው ክርክር ሳይወሰን በመሐል በሚሰጡ ትዕዛዞች ላይ ይግባኝ አይፈቅድም፤ ቅሬታው ከዋናው ፍርድ ጋር አብሮ ይቀርባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አቤቱታ በጥድፊያ ጽፎ ማበላሸት ዋጋው ብዙ ነው። ሁኔታው ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ገንዘቡን ተቀማጭ ስታደርጉ ወይም የእናታችሁ ድርሻ ሲታወቅ፣ እንደገና ለማመልከት የሚያግድ የለም።

አሁን ስለ ወንድማችሁ መብት በግልጽ ልጻፍ፤ ምክንያቱም እግዱ ቢነሣ እንኳ መብቱ አብሮ አይነሣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 4 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ የውርስ ሕጉም ልጆችን በእናት አይለይም። የእናንተ የወራሽነት ማስረጃ እሱን ሳይጨምር የተሰጠ መሆኑ ወራሽነቱን አያስቀርም፤ ማስረጃው ፍርድ አይደለምና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 998 መሠረት ሊሰረዝ ይችላል። በሌላ በኩል ቁጥር 1000 የወራሽነት ክስ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። አባታችሁ በ2011 ዓ.ም. ካረፉና እሱም ያኔውኑ ካወቀ፣ ዛሬ አዲስ ክስ ቢያቀርብ የይርጋ መቃወሚያ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ አልፏል የሚል ክርክር፣ ማንሣት ትችላላችሁ፤ የቀደመው ክሱ ይርጋውን አቋርጦታል ወይስ አላቋረጠም የሚለው ግን ራሱ ክርክር ይሆናል፤ ፍርድ ቤቱም ይርጋን በራሱ አነሣሽነት አያነሣም፤ መቃወሚያውን ያላቀረበ ተከሳሽ ያጣዋል። ወንድማችሁ በአባታችሁ ቤት ያደገ፣ ልቅሶ ላይ ከእናንተ ጋር የተቀመጠ ከሆነ፣ በይርጋ ማስቀረቱ በሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እኔ ግን ለደንበኞቼ ይህን እንደ መጀመሪያ መንገድ አልመክርም።

አንድ ስምንተኛው ይገባዋል ብላችሁ በልባችሁ ካመናችሁ፣ ከዚህ ሁሉ የሚያጥረው ዕርቅ ነው። ሽማግሌዎች ፊት የተደረገ ስምምነት ግን ብቻውን እግድ አያነሣም፤ ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ታርቀው፣ ተፈራርመው፣ ተመራርቀው ወደ መሬት አስተዳደሩ ሲሄዱ ያው መልስ ይጠብቃቸዋል። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ፣ የእያንዳንዱን ድርሻና የአከፋፈሉን ጊዜ ዘርዝሮ፣ «እግዱ እንዲነሣ ተስማምተናል» የሚል ቃል ጨምሮ ለችሎቱ ይቅረብ፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ በተቀመጠው መሠረት ችሎቱ ከሕግና ከሞራል የማይቃረን መሆኑን አይቶ ይመዘግበዋል፤ በዚያው ትዕዛዝም የእግዱ መነሣት ይጻፋል። መዝገቡ ተዘግቶ ቢሆን እንኳ የወንድማችሁ ፊርማ ያለበት «አልቃወምም» የሚል ጽሑፍ ከማመልከቻችሁ ጋር መያያዙ ጉዳዩን በእጅጉ ያቀልለዋል።

ለመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ የገባው ማመልከቻ ከፍርድ ቤቱ እግድ የተለየ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው «መብት አለኝ» ብሎ ለመሬት አስተዳደር ስለጻፈ ብቻ የሌላው ሰው ቤት ሊታሠር አይገባም። መሥሪያ ቤቱ ለተቃዋሚው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲያመጣ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ ያንን ካላመጣ ግን አገልግሎቱን በማመልከቻ ብቻ ላልተወሰነ ጊዜ ማቆም አይችልም። እዚህ ላይ ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጥ በፊት «በዚህ ፋይል ላይ አገልግሎት የተከለከልንበት ምክንያትና የተመሠረተበት ሕግ በጽሑፍ ይገለጽልን» ብላችሁ አመልክቱና ገቢ ያደረጋችሁበትን ቁጥር ያዙ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆኑትን የከተማ አስተዳደሮችም ይመለከታል፤ የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ፣ ቅር የተሰኘም በተቋሙ ውስጥ ቅሬታ አቅርቦ ከዚያ በፍርድ ቤት እንዲያስከልስ ያስችላል። የጽሑፍ ምላሽ መጠየቅ ብቻውን ብዙ ጊዜ ነገሩን ይፈታዋል። ሁለቱን እንቅፋቶች በአንድ ማመልከቻ ለማስነሣት ግን አትሞክሩ፤ ፍርድ ቤቱ ያላገደውን እንዲያነሣ፣ መሥሪያ ቤቱም ፍርድ ቤት ያገደውን እንዲፈቅድ መጠየቅ ስለሚሆን ሁለቱም ይመልሷችኋል።

በድሬዳዋ አንድ ተጨማሪ ነገር ማጣራት ግድ ነው፤ እግዱ ከመደበኛው ፍርድ ቤት ነው የመጣው ወይስ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት? በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሟቹ ሙስሊም በሆነበት የውርስ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ሥልጣን አላቸው፤ የሚከተሉት ሥርዓት የመደበኛውን የሥነ ሥርዓት ሕግ ስለሆነ ከላይ ስለ እግድ የጻፍኩት እዚያም ይሠራል፤ ማመልከቻው ግን ለዚያው ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የድርሻው ስሌት ደግሞ ይለያል፤ በሸሪዓ ልጆች ያሉት ሟች ሚስት ከውርሱ አንድ ስምንተኛ ትወርሳለች፤ ወንድ ልጅም የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። ስለዚህ ከላይ ያስቀመጥኩትን ስሌት ወደዚያ መዝገብ አትውሰዱት። ቤቱ ሐረር ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የሚታየው በሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች፣ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ይሆን ነበር፤ የእናንተ ግን ከዚራ ነውና በዚህ አልገፋበትም።

በፋይሉ ውስጥ «እግድ» እየተባለ የሚጠራ ሁሉ ደግሞ እግድ አይደለም። በአባታችሁ ወይም በአንዳችሁ ዕዳ ምክንያት ለፍርድ አፈጻጸም የተያዘ ከሆነ መቃወሚያው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 ለአፈጻጸም ችሎቱ ይቀርባል፤ የባንክ መያዣ ከሆነም የሚለቀቀው ዕዳው ተከፍሎ ባንኩ ሲጽፍ ነው።

እግዱ ሲነሣ የሚጻፈውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን መዝግባችሁ፣ ማኅተሙን አይታችሁ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ ገቢ መደረጉን በራሳችሁ ተከታተሉ። መሬት አስተዳደሩ የደብዳቤውን እውነተኛነት ከፍርድ ቤቱ ለማጣራት ቢፈልግ አትቆጡ፤ በሐሰተኛ ደብዳቤ እግድ እየተነሣ ቤት የተሸጠባቸው ሰዎች ስላሉ ጥንቃቄው ለእናንተም ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ መጀመሪያ የእናታችሁ ግማሽ ይለይ፤ ቀጥሎ የቀረው በወራሾቹ ስም ይዙር፤ ሽያጩ በመጨረሻ ይምጣ። ስሙ ከዞረ በኋላ ቤቱ የጋራ ስለሚሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1266 መሠረት ለመሸጥ የሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንዱ እንቢ ካለ መፍትሔው ክፍፍል መጠየቅ እንጂ ያለ እሱ መሸጥ አይደለም። ለገዢውም አንድ ነገር ቀድማችሁ ንገሩት፤ የ2004 ዓ.ም.ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ ቦታ) በውርስ ሲተላለፍ ባለበት እንዲቀጥል፣ ከውርስ ውጭ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ግን ወደ ሊዝ ሥሪት (ቦታው ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን ወደሚያዝበት ውል) እንዲገባ ስለሚያደርግ፣ ለእናንተ የሌለ ክፍያ በእሱ ላይ ይመጣል። ይህን ኋላ የሚሰማ ገዢ ዋጋ ለመቀነስ ወይም ውል ለማፍረስ ይነሣል።

ጅቡቲ ያሉት እኅታችሁ ለዚህ ሁሉ መምጣት አይጠበቅባቸውም፤ ውክልና ይበቃል። ይሁንና «በስሜ ማንኛውንም ጉዳይ እንዲፈጽም» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይጠቅማችሁም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ፣ ለመታረቅና ክስ ለማቅረብ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ስለዚህ ውክልናው ላይ የቤቱ አድራሻ ተጠቅሶ፣ «እግድ እንዲያስነሣ፣ እንዲከራከር፣ እንዲታረቅ፣ ስመ ንብረት እንዲያዞር፣ እንዲሸጥና ዋጋውን እንዲቀበል» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መስጠት ካልፈለጉ ይተዉአቸውና ሽያጩ ሲደርስ ሌላ ውክልና ይላኩ። ሰነዱ ጅቡቲ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከተረጋገጠ በኋላ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ በሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ ስላለበት፣ የእግድ ማመልከቻውን ስትጽፉ ጎን ለጎን ይጀመር።